አንድ ቃል፣ አራት ስክሪን፦ የኤቬንያ ጌም ሰርቨር መልእክትና ቀለም የሚያስተናግድበት መንገድ

በአንድ የጽሑፍ ጌም ውስጥ አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ቆመዋል እንበል። የመጀመሪያው የገባው ሙድሌት በሚባል፣ ለዚህ ዓይነት ጌም ተብሎ በተሠራ ፕሮግራም ነው። ሁለተኛዋ ፑቲ የሚባል የተርሚናል ፕሮግራም (ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ መስኮት) ከፍታ ትጫወታለች። ሦስተኛው ምንም አልጫነም፤ ብሮውዘር ላይ ነው። አራተኛው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሶፍትዌር አለው። ክፍሉ ውስጥ እሳት ይነሳል። ሰርቨሩ ለአራቱም «እሳት» የሚለውን ቃል መላክ አለበት። ጌሙን የሠራው ሰው ደግሞ ቃሉ ቀይ እንዲሆን ፈልጓል።

ለሙድሌትና ለፑቲ ቀይ ማለት በጽሑፉ መሃል የሚገባ የቁጥር ኮድ ነው። ለብሮውዘሩ የኤችቲኤምኤል ታግ፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚጻፍበት ምልክት፣ ነው። ለአራተኛው ሰው ቀለሙ ምንም አይፈይድለትም። ኮዱ ሾልኮ ከወጣ ደግሞ ማንበቢያው የማይገባ ቁጥርና ቅንፍ ሊያነበንብበት ይችላል። ቃሉ ግን አንድ ነው፣ ሰርቨሩም አንድ ነው።

ኤቬንያ የተባለው ሰርቨር ይህን እንዴት እንደሚወጣው ነው እዚህ የማሳየው። የመረጥኩት ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነና በፓይተን ስለተጻፈ ነው፤ ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ከዚያ በላይ ግን ስለ ቀለም ያለው አቋም ትክክል ነው ብዬ ስለማምን ነው። ቀለሙ ምን እንደሚመስል የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ቀለሙን ሳይፈታ፣ በምልክት ብቻ ይዞ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መቆየት አለበት። ኤቬንያ የተሠራው በዚህ መንገድ ነው።

ከየት መጣ?

በጽሑፍ ብቻ ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትበት ጌም «መድ» ይባላል። የመጀመሪያውን በ1978 በእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ ጀመረው፣ ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ ገፋበት። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲኩመድን ሠሩ፤ ከሱ ኮድ ብዙ መዶች ተወለዱ። ኤቬንያ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። ግሬግ ቴይለር በ2006 ጀመረው፣ ከ2010 ወዲህ ደግሞ ግሪያች በሚል ስም የሚታወቀው ፕሮግራመር ይመራዋል። 1.0 የተባለው እትም የወጣው በ2022 ነው።

ኤቬንያ ራሱ ጌም አይደለም። ጌም የሚሠራበት መሠረት ነው። ግንኙነቱን፣ የተጫዋቾችን አካውንት፣ ዳታቤዙን እሱ ይይዛል፤ ታሪኩንና ሕጉን የጌሙ ባለቤት ይጽፋል።

255 የምትባለዋ ባይት

ወደ ኤቬንያ ከሚመጡት ክላይንቶች (ተጫዋቾች የሚገቡባቸው ፕሮግራሞች) ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ቴልኔት ነው። ቴልኔት አሮጌ ፕሮቶኮል፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ነው። ዛሬም የሚሠራበት መግለጫ፣ አርኤፍሲ 854፣ የወጣው በ1983 ነው። በቴልኔት መስመር ላይ ሁለት ነገር ተደባልቆ ይሄዳል፦ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ፣ እና ፕሮግራሞቹ እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡት ትእዛዝ። ሁለቱን የምትለየው አንዲት ባይት (በመስመሩ ላይ የሚላክ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር) ናት፤ 255። እሷ ስትመጣ ቀጥሎ ያለው ለፕሮግራሙ እንጂ ለስክሪኑ አይደለም ማለት ነው።

ከ255 ቀጥሎ 251 ከመጣ «እኔ ይህን አደርጋለሁ»፣ 252 ከሆነ «አላደርግም»፣ 253 ከሆነ «አንተ አድርግ»፣ 254 ከሆነ «አታድርግ» ማለት ነው። ሦስተኛው ቁጥር ጉዳዩን ይናገራል። 31 የስክሪን ስፋት ነው። 24 የተርሚናል ዓይነት። 86 ዳታ መጭመቂያ። 201 ደግሞ ከጽሑፉ ጎን ለጎን የሚላክ የጌም ዳታ ነው።

ጠጋ ብለን አንዱን እንየው። ተጫዋቹ እንደገባ ኤቬንያ 255፣ 253፣ 31 ይልካል፤ «የስክሪንህን ስፋት ንገረኝ» ማለቱ ነው። ክላይንቱ ካወቀበት 255፣ 251፣ 31 ብሎ እሺታውን ይመልሳል። ቀጥሎ 255፣ 250፣ 31፣ 0፣ 80፣ 0፣ 24፣ 255፣ 240 ይልካል። 250 የዝርዝሩ መክፈቻ ነው፣ 240 መዝጊያው። መሃል ላይ ያለው 80 ዓምድና 24 መስመር ነው። ዘጠኝ ባይት ብቻ ናት። ተጫዋቹ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ስክሪኑ ላይ አያየውም። ከዚያ በኋላ ግን ሰርቨሩ ረጅም ጽሑፍ ሲልክለት የት ላይ መስመር መስበር እንዳለበት ያውቃል።

ታዲያ 255 የጽሑፉ አካል ሆና ብትመጣስ? ሕጉ ድገማት ይላል፤ 255፣ 255 ከተላከ ተቀባዩ «ይቺ ተራ ባይት ናት» ብሎ ይወስዳታል። ኤቬንያ መስመር ሲልክ ይህን ራሱ ያደርገዋል። ችግሩ የሚመጣው ያላደረገ ሲኖር ነው። በዊንዶውስ 1251 የሩሲያ ፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ትንሿ «ያ» ፊደል ቁጥሯ ልክ 255 ነው። በሩሲያኛ ደግሞ ይህቺ ፊደል በብዙ ቃላት ውስጥ አለች፤ ብቻዋን ስትቆም እንኳ «እኔ» ማለት ናት። ሰርቨሩ ሳይደግማት ከላካት ክላይንቱ ይውጣትና ቀጥሎ ያለውን ፊደል እንደ ትእዛዝ ሊያነበው ይሞክራል። እንዲህ ያለ ሳንካ ከሩቅ ሲያዩት ምስጢር ይመስላል፤ ጽሑፉ እዚህም እዚያም ፊደል ይጎድለዋል፣ ሁሌም አንዲት ፊደል።

የዓለምን ፊደላት ሁሉ በባይት በሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 ይህ ጣጣ የለም። በዩቲኤፍ-8 በትክክል በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ 255 የምትባል ባይት ፈጽሞ አትገኝም። መደበኛው የኢትዮጵያ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያዋም ሁሌ 225 ናት። «እሳት» ስትላክ 225፣ 138፣ 165፤ 225፣ 136፣ 179፤ 225፣ 137፣ 181 ሆና ነው። ዘጠኝ ባይት። ከቴልኔት ትእዛዝ ጋር የምትጋጭ አንድም የለችም። ኤቬንያም ሲጀመር ዩቲኤፍ-8ን ነው የሚሞክረው፤ ካልሆነለት ወደ ላቲን-1፣ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሰንጠረዥ፣ ይሄዳል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ጌም በዚህ በኩል እንቅፋት አይገጥመውም።

ክላይንቱ ማን ነው?

እንደ ስክሪን ስፋቱ ያለ ጥያቄና መልስ ድርድር ይባላል፤ ኤቬንያ ስምንት ድርድሮች አሉት። ስፋት፣ ዓይነት፣ መጭመቂያ፣ ሊንክ፣ የጌም ዳታና ሌሎችም። ሁሉም ክላይንት ለሁሉም አይመልስም። ስለዚህ ኤቬንያ ሁለት ሰከንድ ያህል ይጠብቅና መልስ ያልመጣለትን ትቶ ይቀጥላል። ይህ ጥሩ ውሳኔ ነው። የሚመልስ ከሌለ ለዘላለም የሚጠብቅ ሰርቨር ተጫዋቹን ባዶ ስክሪን ላይ ያስቀረው ነበር።

ለቀለም የሚጠቅመው ድርድር 24 ቁጥር ነው፤ የተርሚናል ዓይነት። ሰርቨሩ እየደጋገመ ይጠይቃል። የመጀመሪያው መልስ የክላይንቱ ስም ነው። ሁለተኛው የተርሚናሉ ዓይነት። ሦስተኛው አንድ ቁጥር ነው፤ በውስጡ ብዙ አዎንታዎች ተደምረዋል። 1 ካለበት መደበኛ ቀለም ያውቃል። 4 ካለበት ዩቲኤፍ-8። 8 ካለበት 256 ቀለም። 64 ካለበት ተጫዋቹ በማንበቢያ ሶፍትዌር ነው የሚጠቀመው። ለምሳሌ 13 የላከ ክላይንት የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ይችላል፤ 1 እና 4 እና 8 ሲደመሩ 13 ናቸውና።

ሁሉም ክላይንት ይህን ሦስተኛ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ኤቬንያ ኮዱ ውስጥ የስም ዝርዝር ይዟል። ሙድሌት፣ መሽክላይንት፣ ፑቲ፣ ታይኒፊዩግ፣ ሲመድ እያለ ይሄዳል፤ ስሙ ከነዚህ አንዱ ከሆነ 256 ቀለም ይችላል ብሎ ይወስዳል። የሙድሌትን ደግሞ ቁጥሩንም ያያል፤ ከ1.1 እትም ጀምሮ ነው የሚያምነው። ስለ ዓይነቱ ማንኛውንም መልስ የሰጠ ክላይንት ቢያንስ መደበኛውን ቀለም ያውቃል ብሎም ይገምታል።

ይህ ዝርዝር ያምራል አልልም። አዲስ ክላይንት በወጣ ቁጥር አንድ ሰው ገብቶ መጨመር አለበት። ግን ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል? ክላይንቶቹን የጻፏቸው በተለያየ አገርና በተለያየ ዘመን ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም በትርፍ ሰዓታቸው። ሰርቨሩ የመጣውን ሁሉ ባለበት መቀበል አለበት። ግምቱ ከተሳሳተ ደግሞ ተጫዋቹ ራሱ ያርመዋል። «ኦፕሽን» በሚለው ትእዛዝ 256 ቀለምን ማጥፋት፣ ቀለምን ጨርሶ መዝጋት ወይም የማንበቢያውን ሁኔታ ማብራት ይችላል። ለኔ ይህ ከዝርዝሩ ይበልጣል። የመጨረሻው ቃል የሰውየው ነው።

ሁለት ፕሮግራም፣ አንድ ጌም

ኤቬንያ ሲነሳ ሁለት ፕሮግራሞች አብረው ይነሳሉ። አንዱ ፖርታል ይባላል፣ ሌላው ሰርቨር። ፖርታሉ ደጅ ላይ እንደሚቆም እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ቴልኔቱም፣ ኤስኤስኤቹም (የተመሰጠረ የተርሚናል መስመር)፣ ዌብሶኬቱም (የብሮውዘሩ መስመር) የሚገናኙት ከሱ ጋር ነው። ሰርቨሩ ውስጥ ሆኖ ጌሙን ያካሂዳል። ሁለቱ በመሃላቸው በራሳቸው መስመር መልእክት ይለዋወጣሉ።

ይህ ክፍፍል ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛው በመድ ባለቤቶች ዘንድ በጣም የሚወደደው ነው፤ ኮድ ቀይሮ ሰርቨሩን እንደገና ማስነሳት ይቻላል፣ ማንም ሳይቋረጥ። ግንኙነቱን የያዘው ፖርታሉ ስለሆነ ተጫዋቹ ትንሽ ቆም ብሎ ይቀጥላል። ሁለተኛው ጥቅም ግን ለርእሳችን የሚበልጠው ነው። ሰርቨሩ ስለ ቴልኔት ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። ስለ 255 አያውቅም፣ ስለ ኤችቲኤምኤል አያውቅም። የቀለሙን ምልክት እንዳለ ለፖርታሉ ይሰጣል። የሚፈታው ፖርታሉ ነው፣ ወደ ተጫዋቹ ሊወጣ ሲል።

ከተጫዋቹ የሚመጣው

ወደ ውስጥ የሚገባው መልእክት ከየትም ይምጣ አንድ ቅርጽ ይይዛል፦ ስም፣ ዋና ይዘት፣ እና ተጨማሪ ዝርዝር። በቴልኔት የተጻፈ ተራ መስመር ስሙ «ቴክስት» ይሆናል፣ ይዘቱም የተጻፈው ነገር ነው። ብሮውዘሩ ራሱ በጄሰን (ዳታ በጽሑፍ የሚደረደርበት ቅርጽ) ይህንኑ ሦስት ክፍል አዘጋጅቶ ይልካል። በ201 ቁጥር የመጣ የጌም ዳታም ተፈትቶ እዚሁ ቅርጽ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ሰርቨሩ ስሙን አይቶ ለሚመለከተው ፋንክሽን ያቀብላል። «ቴክስት» ከሆነ ወደ ጌሙ ትእዛዝ ማንበቢያ ይሄዳል። የክላይንት ምርጫ ከሆነ ወደ ሴቲንጉ። «የጤናዬን ቁጥር ተከታተልና ሲቀየር ንገረኝ» የሚል ጥያቄ ከሆነ ለሱም የራሱ ፋንክሽን አለ። ፋንክሽኖቹ ተራ የፓይተን ፋንክሽኖች ናቸው። የጌሙ ባለቤት በራሱ ፎልደር ውስጥ አዲስ ቢጨምር ወይም ያለውን በራሱ ቢተካ ኤቬንያ ይቀበለዋል።

የሚገርመው ትንሽ ነገር «አይድል» የምትባለዋ ትእዛዝ ናት። ዝም ብሎ የቆየ ግንኙነትን አንዳንድ ራውተር ይዘጋዋል። ስለዚህ ክላይንቱ በየጊዜው «አይድል» ብሎ ይልካል፣ ሰርቨሩም ምንም ሳይመልስ ይውጠዋል። በሌላ በኩል ፖርታሉ ራሱ በየ30 ሰከንዱ 255፣ 241 ይልካል፤ «ምንም አታድርግ» ማለት ነው። በቴልኔት ውስጥ ምንም ላለማድረግ የተመደበ ቁጥር መኖሩ የድሮ ሰዎች ምን ያህል አርቀው እንዳሰቡ ያሳያል።

ገደብም አለ። በሴቲንጉ እንደመጣ ካልተቀየረ በሰከንድ ከ80 በላይ ትእዛዝ አይስተናገድም፤ ከዚያ ካለፈ ለተጫዋቹ ቀስ እንዲል ይነገረዋል። አንድ መልእክት ከ6000 ፊደል ከበለጠም አይቀበልም። 80 ለሰው እጅ ብዙ ነው፤ ለስክሪፕት (በራሱ ትእዛዝ ለሚልክ ፕሮግራም) ግን ምንም አይደለም። ገደቡ የተቀመጠውም ለስክሪፕት ነው።

ቀለሙ

አሁን ወደ እሳታችን እንመለስ። ኮዱ ውስጥ ያሉትን የላቲን ፊደላት እዚህ በስማቸው ነው የምጠራቸው።

ጌም ሠሪው ቀይ ሲፈልግ ከቃሉ በፊት የቁም መስመር (|) እና ትንሿን «አር» ይጽፋል። ቀለሙ እንዲያበቃ የቁም መስመርና «ኤን» ይጽፋል። ትልቁ «አር» ከሆነ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። የቁም መስመሩን ራሱን ማሳየት ከፈለገ ሁለት ጊዜ ይጽፈዋል። በዚህ ዓይነት «እሳት» ሁለት ምልክት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ይዛ ሰባት ፊደል ትሆናለች። ሰርቨሩ ውስጥ፣ ዳታቤዙ ውስጥ፣ በሁለቱ ፕሮግራሞች መሃል ባለው መስመር ላይ እንዲሁ ሆና ነው የምትጓዘው።

ፖርታሉ ጋ ስትደርስ መንገዷ ይለያያል።

ለተርሚናል የሚላከው ኮድ ከኤክማ-48 ደረጃ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1976 ወጥቷል። በ1978 የመጣው የዴክ ኩባንያ ቪቲ100 ተርሚናል ይህን ዓይነት ኮድ በሰፊው አስለመደው። ኮዱ በባይት 27 ይጀምራል፣ ቅንፍ ይከተላል፣ ቁጥር፣ ከዚያ «ኤም»። 31 ቀይ ነው፣ 32 አረንጓዴ፣ 33 ቢጫ፤ ከ30 እስከ 37 ስምንት ቀለም። 1 ማጉያ ነው። 0 ሁሉንም ያጠፋል። ኤቬንያ ትንሿን «አር» ሲፈታ መጀመሪያ ማጉያውን፣ ቀጥሎ ቀዩን ይጽፋል። አራት ባይትና አምስት ባይት። ዘጠኙ የቃሉ ባይቶች ይከተላሉ። ማጥፊያው አራት ነው። በድምሩ 22 ባይት። ሰው የሚያየው ሦስት ፊደል ነው።

እዚህ ላይ የቆየ ውዝግብ አለ። 1 ቁጥር በአንዱ ተርሚናል ቀለሙን ያደምቃል፣ በሌላው ፊደሉን ያወፍራል፣ በሌላው ሁለቱንም። ስለዚህ ደማቁ ቀይ በየቤቱ አንድ ዓይነት አይሆንም።

የተሻለው መንገድ 256 ቀለም ነው። 16ቱ የድሮዎቹ ናቸው፣ 216ቱ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በስድስት ስድስት ደረጃ ሲቀላቀሉ የሚገኙ፣ የቀሩት 24 ከጥቁር ወደ ነጭ የሚሄዱ ግራጫዎች። በኤቬንያ የቁም መስመሩን አስከትሎ ሦስት አሃዝ መጻፍ ይበቃል፤ |500 ቀይ ሙሉ፣ ሌሎቹ ባዶ ማለት ነው። |530 ብርቱካንማ ይሆናል፤ ለእሳት ይህ ይሻላል ባይ ነኝ። ከፊቱ ቅንፍ ከተጨመረ፣ |[500 ሲሆን፣ ቀለሙ ከፊደሉ ጀርባ ይሆናል። ፖርታሉ |500ን ወደ 196 ቁጥር ቀለም ይቀይረዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 16 ሲደመር 36 ጊዜ 5።

ክላይንቱ 256 ቀለም ካልቻለስ? ፖርታሉ ከስምንቱ መሠረታዊ ቀለሞች ቅርብ የሆነውን መርጦ ይልክለታል። ጌም ሠሪው ሁለት ጊዜ መጻፍ የለበትም። ኮዱ ሳይፈታ እስከ ደጅ በመምጣቱ የተገኘው ጥቅም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቀለሙ ገና ሲጻፍ ወደ 196 ተቀይሮ ዳታቤዝ ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ለአሮጌው ክላይንት ሲላክ ወደ ኋላ መፍታት ያስፈልግ ነበር።

ለብሮውዘሩ ያው ምልክት ስፓን ታግ ይሆናል፤ በውስጡ «ከለር-009» የሚል ክላስ፣ ማለትም መለያ ስም፣ አለው። የትኛው ቀይ እንደሆነ የሚወስነው የድረ ገጹ የስታይል ፋይል ነው። ስለዚህ ነጭ ጀርባ የሚወድ የጌም ባለቤት ፋይሉን ቀይሮ ቀለሞቹን ማስማማት ይችላል።

ለአራተኛው ሰው ቀለሙ ተገፎ ይጣላል። እዚህ ላይ ግን ኤቬንያ አንድ እርምጃ ይጨምራል። የጽሑፍ ጌሞች ሠንጠረዥ ሲሠሩ በመደመርና በሰረዝ ምልክት ያጥራሉ። ያንን ማንበቢያው አንድ በአንድ ቢያነበው ሰውየው ይሰለቻል። የማንበቢያው ሁኔታ ሲበራ እንዲህ ያሉ ማስዋቢያዎችም ከጽሑፉ ይወጣሉ። ዓይነ ስውራን ከመድ ተጫዋቾች መሃል ትልቅ ቦታ አላቸው። ምስል በሌለበት ጌም ከማንም እኩል ይጫወታሉ። ስለዚህ ይህን እንደ ተጨማሪ ነገር የሚቆጥር ጌም ሠሪ ተጫዋቾቹን አላወቃቸውም።

ርዝመት የሚለው ጣጣ

ቀለም ያለበት ጽሑፍ ፕሮግራመርን ከሚያሰቃይባቸው ነገሮች ዋናው መቁጠር ነው። «እሳት» ስንት ናት? ለሰው ዓይን ሦስት። ምልክቷን ይዛ ሰባት። በመስመሩ ላይ 22። ጌም ሠሪው ስሟን አሥር ቦታ ባለው የሠንጠረዥ ዓምድ ውስጥ ማስገባት ቢፈልግና ፓይተን «ሰባት ናት» ቢለው፣ ሦስት ባዶ ቦታ ጨምሮ ያቆማል። ስክሪኑ ላይ ግን ስድስት ቦታ ብቻ ትይዛለች። ዓምዱ ይጣመማል።

ኤቬንያ ለዚህ የራሱ የጽሑፍ ዓይነት አለው። እንደ ተራ ጽሑፍ ይሠራል፣ ርዝመቱን ሲጠየቅ ግን የሚታየውን ብቻ ይቆጥራል። ሲቆረጥም ቀለሙን አያበላሽም፤ ከመሃል የተቆረጠው ክፍል ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። የሠንጠረዥ መሥሪያው በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ለአማርኛ ግን ይህም ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። ቆጠራው ትክክል ይሆናል፤ «እሳት» ሦስት ናት ይላል። ተርሚናሉም ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓምድ ይሰጣል። የኛ ፊደል ግን ሰፋፊ ነው። «ጨ»ን ወይም «ሠ»ን ለላቲን «አይ» በተለካ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ማስገባት ያስቸግራል። ፎንቱ ካልተስማማ ፊደሎቹ ይደራረባሉ ወይም ሠንጠረዡ ይንሸራተታል። በተርሚናል በአማርኛ ጌም የሚሠራ ሰው በሠንጠረዥ ፈንታ መስመር በመስመር ቢዘረዝር ይሻለዋል። ብሮውዘሩ ላይ ከሆነ ሠንጠረዡን በኤችቲኤምኤል መሥራት ይቻላል።

ተጫዋቹ ራሱ ኮድ ቢጽፍስ?

ተጫዋቹ የሚጽፈው ነገር ሌሎች ስክሪን ላይ ይወጣል። ታዲያ አንዱ ንግግሩ ውስጥ የቁም መስመርና «አር» ቢጽፍ ቀይ ሆኖ ይታያል። ይህ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ብዙ መዶች ይፈቅዱታል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። አዲስ መስመር የሚፈጥር ምልክት ካስገባ ከጌሙ የመጣ የሚመስል የውሸት መልእክት ሊሠራ ይችላል። «ሰይፍህ ተሰበረ» የሚል መስመር ከጎረቤቱ ንግግር ውስጥ ሲወጣለት ተጫዋቹ ማን እንደላከው በምን ያውቃል?

ከዚያ የሚብሰው ሊንክ ነው። ኤቬንያ ጽሑፍን ወደሚነካ ትእዛዝ መቀየር ይችላል፤ ተጫዋቹ ቃሉን ሲነካው ከጀርባ ያለው ትእዛዝ በሱ ስም ይላካል። አንድ ተንኮለኛ «ስጦታህን ውሰድ» የሚል ጽሑፍ ጽፎ ከጀርባው «ወርቄን በሙሉ ለእገሌ ስጥ» የሚል ትእዛዝ ቢደብቅስ? ስለዚህ ሊንክ መላክ የሚችለው ሰርቨሩ ብቻ እንዲሆን የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፤ ሲጫን ጀምሮም የበራ ነው። ከተጫዋቹ በሚመጣው ጽሑፍ ላይ አደገኛ የሆኑት ምልክቶች ይገፈፋሉ። ክፍሎችንና ዕቃዎችን የሚሠሩት ባለፈቃዶች ግን ከማጣሪያው ያልፋሉ፤ እነሱ ያለ መስመር መስበሪያ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም።

ብሮውዘሩ ላይ ደግሞ ተጫዋቹ የጻፈው የኤችቲኤምኤል ታግ እንደ ታግ እንዳይሠራ ወደ ተራ ጽሑፍ ይለወጣል። ይህ የሚሆነው ቀለሙ ወደ ስፓን በሚቀየርበት በዚያው ቦታ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ የተጫዋቹ ምልክቶች ይከሸፋሉ፣ ከዚያ የቀለሙ ታጎች ይገባሉ። ቢገለበጥ የራሱን ቀለም ያከሽፍ ነበር።

ከቀለም ውጭ መላክ ያለበት

አንዳንዱ ነገር ጽሑፍ ሆኖ መላክ የለበትም። የተጫዋቹ ጤና ከ60 ወደ 45 ሲወርድ፣ ድሮ ክላይንቱ የሚያውቀው ከጽሑፉ ውስጥ ቁጥሩን ለቅሞ ነበር። ተጫዋቾች ለዚህ ትሪገር ይጽፋሉ፤ «እንዲህ ያለ መስመር ካየህ እንዲህ አድርግ» ብለው። ጌም ሠሪው ቁጥሩን ቀይ አድርጎ ቢያስውበው፣ ጥሬውን መስመር ይጠብቅ የነበረው ትሪገር በመሃል ኮድ ይገጥመውና ይስታል።

201 ቁጥር ድርድር የተፈጠረው ለዚህ ነው። ጂኤምሲፒ ይባላል። ጤናው በጄሰን ተጽፎ ከጽሑፉ ጎን ይሄዳል፣ ክላይንቱም ባር አድርጎ ይስለዋል። ኤቬንያ ውስጥ ጌም ሠሪው አንድ ፋንክሽን ጠርቶ ጽሑፉንና ዳታውን አብሮ መላክ ይችላል። ለሙድሌት ጂኤምሲፒ ይሆናል፣ ለብሮውዘር ጄሰን። ተራ ቴልኔት የያዘው ሰው ዳታው አይደርሰውም፣ ጽሑፉ ግን ይደርሰዋል። በዚህ ምክንያት አስፈላጊ ነገርን በዳታ ብቻ የሚልክ ጌም ሠሪ ግማሽ ተጫዋቹን በጨለማ ይተዋል።

በአማርኛ መሥራት ለሚፈልግ

ከላይ እንዳየነው ባይቱ አያስቸግርም፣ ቀለሙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ትእዛዙን ማዛመድ ነው። አንዱ ተጫዋች «ሰይፍ አንሳ» ይላል፣ ሌላው «ሠይፍ ኣንሳ» ብሎ ይጽፋል። ለኛ አንድ ነው። ለፓይተን ግን «ሰ» እና «ሠ» ምንም የማይገናኙ ሁለት ፊደላት ናቸው። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ላይም እንዲሁ። በሁለት ነጥብ (፡) ቃል የሚለይ፣ መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ የሚጨምር ሰውም ይኖራል።

መፍትሔው ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ፊደል ማምጣት ነው። ጥያቄው የት ላይ ነው የሚሆነው? «ቴክስት» የሚለውን የመግቢያ ፋንክሽን ተክቶ እዚያው መቀየር ቀላል ይመስላል፤ የመጣው መስመር በሙሉ በዚያ ያልፋልና። ግን እዚያ ከተቀየረ ተጫዋቹ ለጓደኛው የሚናገረውም ይቀየራል። «ፀሐይ» ብሎ የጻፈው ሰው ቃሉ «ጸሀይ» ሆኖ ሲወጣ ደስ አይለውም፣ መብቱም ነው። ስለዚህ ቦታው ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ነው፤ የትእዛዙ ስም ከዝርዝሩ ጋር በሚመሳከርበትና ዕቃ በስሙ በሚፈለግበት። ኤቬንያ የትእዛዝ ማንበቢያውን በራስ ፋንክሽን መተካት ስለሚፈቅድ ይህን ዋናውን ኮድ ሳይነኩ መሥራት ይቻላል። የዕቃዎቹን ስም በሁለቱም መልክ ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ አንዱ እንደተጻፈ ለማሳየት፣ ሌላው ሞክሼው ተዋሕዶ ለመፈለግ። ከ«ተናገር» ቀጥሎ ያለው ግን ተጫዋቹ እንደጻፈው ሳይነካ ይለፍ።